እሬት ቤታችሁ ካለ፣ ቢጫውን ከጄሉ ለዩት

«ኑሮው እሬት ሆነብኝ» ሲባል ማብራሪያ የሚጠይቅ ሰው የለም። መራራ ነገርን ሁሉ የምንለካው በእሬት ነው። እናቶቻችን ልጅ ጡት ለማስጣል ሲቆርጡ ጡታቸው ጫፍ ላይ የሚቀቡትም እሱኑ ነው፤ ልጁ አንዴ ይቀምሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ሁለተኛ አይጠጋም።

ስልካችን ውስጥ ግን ይኸው ተክል ሌላ ስም አለው፦ አሎ ቬራ። እዚያ መራራ አይደለም። ጠል ያዘለ አረንጓዴ ቅጠል ሆኖ ክሬም ላይ፣ ሻምፑ ላይ፣ የጁስ ጠርሙስ ላይ ይታያል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ለፊት ነው፣ ለፀጉር ነው፣ ለስኳር ነው፣ ለጨጓራ ነው፣ ለቦርጭ ነው። አንድ ደቂቃ በማይሞላ ቪዲዮ ውስጥ የማያድነው በሽታ የለም።

አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ ከኮስሞቲክስ ሱቅ የገዛችው የአሎ ቬራ ጄል ከቦርሳዋ አይጠፋም። ቢሮ መስኮት ላይ ያስቀመጥኩትን እሬት ለወራት ስታየው ቆይታ አንድ ቀን «ይሄ ቁልቋል ነገር ግን ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። የያዘችው ቱቦ ላይ ያለው ሥዕል ይኸው ተክል እንደሆነ ሳሳያት ለማመን ጊዜ ወሰደባት። አልፈርድባትም። አንዱን ያወቀችው ከአያቷ ነው፣ ሌላውን ከስልኳ፤ ሁለቱ ደግሞ ተገናኝተው አያውቁም።

ይህ በስም ላይ ያለ ግራ መጋባት ቢሆን ኖሮ ሳቅ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ወደ ሆድ ሲገባ ነው።

እስቲ አንድ ቅጠል በቢላ አቋርጡና እዩት። ውጪ ያለው አረንጓዴ ልጣጭ ነው። ከልጣጩ ሥር፣ በጣም ቀጫጭን በሆኑ መስመሮች ውስጥ፣ ቢጫ ፈሳሽ አለ። ከተቆረጠበት በኩል ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፣ አየር ሲያገኘው ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ልብስ ከነካ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። መሀል ላይ እንደ መስታወት የጠራ፣ የሚያሙለጨልጭ ጄል ታገኛላችሁ።

የሚመረው ቢጫው ነው። ምሬቱ በዋናነት አሎይን ከሚባል ንጥረ ነገር የመጣ ሲሆን፣ ይኸው ንጥረ ነገር አንጀት ውስጥ ሲገባ ያስቀምጣል። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለእኛ ሆድ ድርቀት ብሎ አይደለም፤ ቅጠሉን ሊግጥ የመጣ እንስሳ ሁለተኛ እንዳይመለስ ነው። ጄሉ ሌላ ነገር ነው። ከመቶ 98 ወይም 99 እጁ ውሃ ነው። የቀረችው ጥቂቷ ውሃውን አዝለው የሚይዙ፣ ከስኳር የተሠሩ ረጃጅም ሰንሰለቶች፣ ማዕድናትና የመሳሰሉት ናቸው። ተክሉ ዝናብ ለማይጥልባቸው ወራት ያጠራቀመው የውሃ ጋን በሉት።

እንግዲህ አያቶቻችን «እሬት» የሚሉት ያንን ቢጫ ነው፤ ስልካችን «አሎ ቬራ» የሚለው ጄሉን ነው። ሁለቱ አንድ ቅጠል ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አያቶች ይህን ልዩነት በደንብ ያውቁታል። ለምሬት ሲፈልጉ ከልጣጩ በኩል ነው የሚወስዱት። ቪዲዮዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ቅጠሉን ከነልጣጩ ብሌንደር ውስጥ ሲጨምሩ ነው የማየው።

አክስቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ለግፊቱ ከምትወስዳቸው ኪኒኖች አንዱ የሚያሸና ነው። አንድ ቀን የማኅበር ጓደኞቿ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እሬት ለስኳር ፍቱን ነው የሚል የድምፅ መልእክት ይመጣል። ሙሉውን ቅጠል ከማር ጋር ፈጭቶ፣ በባዶ ሆድ፣ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ። አክስቴ መድኃኒቷን አላቆመችም፤ ደረበችበት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆዷ ሲቆርጣትና ሲያስቀምጣት «ቆሻሻው እየወጣ ነው» ተባለች። እሷም አመነች፤ በእርግጥም የሆነ ነገር እየወጣ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እግሯን ሸምቅቆ ይይዛት ጀመር፤ ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ልቧ ዝም ብሎ ይመታል። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። «እናቴ፣ ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» አላት።

«የለም ልጄ፣ ምንም።»

አጠገቧ ቆሜ ነበርና «እሬቱስ?» አልኳት። ገረማት። «እሱ እኮ ቅጠል ነው፤ መድኃኒት ነው እንዴ?»

የደም ምርመራው ፖታሲየሟ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ነገሩ ሲብራራ ቀላል ነው። የሚያሸናው ኪኒን ፖታሲየም ያስወጣል፤ ተቅማጥም ያስወጣል። ሁለቱ ሲደረቡ ደግሞ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ለልብ ሕመም ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ቢሆን አደጋው ከዚህም ይብስ ነበር። በዚያ ላይ እሬት በአፍ ሲወሰድ ከስኳር መድኃኒት ጋር ተደርቦ የደም ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል። አክስቴ እሬቱን አቁማ፣ ፖታሲየም ተሰጥቷት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻላት።

«ቅጠል ነው፤ መድኃኒት ነው እንዴ?» የሚለው አነጋገሯ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። ባህላዊ መድኃኒት ነው ብለን እንጠጣዋለን፤ ሐኪም ሲጠይቀን ደግሞ ቅጠል ይሆናል።

ይህ የአክስቴ ሆድ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን (ኤፍዲኤ) እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ከእሬት የተሠሩ የሆድ ድርቀት መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ አድርጓል። ምክንያቱ አምራቾቹ ደህንነቱን የሚያሳይ በቂ መረጃ አለማቅረባቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ የሙሉ ቅጠሉን ጭማቂ፣ ማለትም ቢጫው ሳይወጣለት የተዘጋጀውን፣ «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል የሚችል» ከሚላቸው ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቶታል። መነሻው ለሁለት ዓመት ጭማቂውን ከውሃ ጋር የጠጡ አይጦች በትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ ማውጣታቸው ነው። እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ይደነግጣል። ያ መደብ ማስረጃው ገና ያልተሟላባቸው ነገሮች የሚቀመጡበት ነው፤ ሰው ላይ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ቢሆንም በየጠዋቱ በባዶ ሆድ የምጠጣው ነገር እዚያ ዝርዝር ውስጥ ባይኖር እመርጣለሁ።

«ታዲያ ሱቅ የሚሸጠው የአሎ ቬራ ጁስስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ደህና የሚሠሩ ፋብሪካዎች ፈሳሹን በከሰል አጣርተው አሎይኑን ያስወጣሉ። የእኛ ብሌንደር አያጣራም፤ ያዋህዳል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ሕፃን ልጅ፣ የኩላሊት ወይም የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ የተፈጨ እሬት ጨርሶ ባይጠጣ ይሻላል። ኪኒን የምትውጡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ይስማ።

እንግዲህ እንዲህ እያልኩ እሬት ቤቴ ለምን አኖራለሁ? ለወጥ ቤት ነው።

የእንጀራ እንፋሎት ክንድ ይልጣል፣ ጀበና ይገነፍላል፣ የምጣድ ጠርዝ ጣት ይነካል። እንዲህ ያለ ቀላል ቃጠሎ ያላጋጠመው የሚያበስል ሰው አላውቅም። የመጀመሪያው እርዳታ ግን እሬት አይደለም፤ ውሃ ነው። ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ። 20 ደቂቃ ስትቆሙበት ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፤ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉበት። ቧንቧው በፈረቃ ከሆነና ያ ቀን የእናንተ ካልሆነ፣ ከጀሪካን በኩባያ እየቀዱ ማፍሰስም ይሠራል። ወዲያው ሳታደርጉት ቀርታችሁ ከሆነ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማቀዝቀዙ ይጠቅማል። ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ፣ እጅ ሲያብጥ አይወጣምና። በረዶ አታድርጉ። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤ የሚባለውን ሁሉ ተዉት፤ ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ሐኪም ቤት ከተሄደም ነርሷ መጀመሪያ እነሱን ስትፍቅ ነው ታማሚው የሚጮኸው።

ከውሃው በኋላ ቆዳው ቀላ ብሎ ካልተከፈተ፣ ንጹሕ ጄል በስሱ መቀባት ጥሩ ነው። ያበርዳል፣ ቆዳው እንዳይደርቅ ያደርጋል። ላይ ላዩን በሆነ ቃጠሎ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እሬት የተቀባው ቁስል ፈጥኖ እንደዳነ አሳይተዋል፤ ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግን አቅጣጫቸው ይመሳሰላል።

ከእጅ መዳፍ የሚሰፋ ቃጠሎ፣ ፊት ላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ወይም ብልት አካባቢ ያለ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ስሜት የጠፋበት፣ በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል የመጣ፣ በተለይ ደግሞ የሕፃን ልጅ ቃጠሎ ከሆነ ግን እሬት ፍለጋ አትሂዱ። ውሃውን እያፈሰሳችሁ መኪና ጥሩ።

ክፍት ቁስልም ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስላቸው የተከፈተባቸው 21 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። በተለመደው መንገድ የታከሙት በአማካይ በ53 ቀን ሲድኑ የእሬት ጄል የተጨመረላቸው 83 ቀን ወሰደባቸው። ትንሽ ጥናት ነው። ቢሆንም «ቁስል ሁሉ በእሬት ይድናል» ለሚሉኝ ሰዎች የምጠቅሰው እሱን ነው። ጎረቤቴ በቀዶ ሕክምና ከወለደች በኋላ ስፌቷ ላይ ልትቀባ ስትል «ኧረ ተይ!» ያልኳት ለዚህ ነው።

ስለ ፊትና ፀጉር ብዙ አልልም። ጄሉ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ለፎረፎርም ተስፋ የሰጠ ሙከራ አለ። ፀጉር ያሳድጋል ለሚለው የሚያሳምን ማስረጃ አላየሁም፤ ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ ፀጉሯ ከድሮም ረጅም ነበር። ፊታችሁን ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ ውስጠኛ በኩል ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳክከውም በደንብ ያልታጠበው ቢጫ ነው።

አሁን ወደ ተክሉ እንምጣ። «የትኛው እሬት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አገራችን በእሬት ሀብታም ናት። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ሌላ የትም የሌሉ ናቸው። የዕፅዋት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌይዋ ኢንገር ኖርዳል ጋር ስለእነዚህ ዝርያዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። አንደኛው ዝርያ ደብራና ይባላል፣ ስሙን ያገኘው ከደብረ ብርሃን ነው። ፑልኬሪማ የሚባለው ደግሞ ከገደል ላይ ተንጠልጥሎ የሚበቅል ነው፤ ቃሉ በላቲን «እጅግ ውብ» ማለት ነው፣ አይቶት የሚከራከር የለም። በኦሮምኛ ሀርጊሳ፣ በትግርኛ ዕረ ይሉታል።

የሚገርመው ግን፣ ዓለም በሙሉ የሚቀባው አሎ ቬራ ከእነዚህ ከእኛዎቹ አንዱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት የአሎ ቬራን ትውልድ አገር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የዓረብ ልሳነ ምድር ላይ አድርጎታል። እዚያው ጥናት ላይ የወደድኩት ነገር አለ፤ ሰዎች በየአገሩ ለመድኃኒት የመረጧቸው የእሬት ዝርያዎች በአብዛኛው ቅጠላቸው ወፈር ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ማለትም ሰው ጄል ያለውን ነበር የሚፈልገው።

ይህ ለእኛ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ላቦራቶሪ የገባውና የተጠናው በአብዛኛው አሎ ቬራ ነው። ከገደል ላይ የተነቀለ የደጋ እሬት ውስጡ ያለው ነገርና መጠኑ ይለያል፤ የአንዱን ውጤት ወስዶ ለሌላው መስጠት አይቻልም። ባህላዊ አዋቂው የአካባቢውን ዝርያ ለይቶ ያውቅ ይሆናል፤ እኔና እናንተ ግን አናውቅም።

ስለዚህ ከችግኝ ሻጭ ስትገዙ ወይም ከጎረቤት ስትቀበሉ እዩት። አሎ ቬራ ቅጠሉ ግራጫ ቀመስ አረንጓዴ ነው፣ ወደ ላይ ይቆማል፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ለስላሳ ጥርሶች አሉት፣ በልጅነቱ ነጫጭ ነጠብጣብ ይታይበታል፣ ሥሩ ዙሪያ ልጆች ያወጣል። ሲያድግ የሚያወጣው አበባ ቢጫ ነው። ቀይ አበባ ካወጣ ሌላ ዝርያ ነው፤ ለበረንዳ ያምራል፣ ንብም ይወደዋል፣ ለቆዳ ግን አልጠቀምበትም።

ከእሬት ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሁለቱም ቀልድ አያውቁም። አንዱ ቃጫ ነው። ቅጠሉ እሬት ይመስላል፣ ግን ጫፉ ላይ እንደ ወስፌ የተሳለ እሾህ አለው፣ ስትቀዱት ክር ክር ይላል፤ ጭማቂው ቆዳ ያቃጥላል። ሌላው ቁልቋልና የቅንጭብ ወገን ነው። ስትቆርጡት ነጭ ወተት ካወጣ እሬት አይደለም፣ በቃ። ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። ያለ ማወላወል እጃችሁን ታጠቡ።

እሬት ማሳደግ ቀላል ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ለሰነፍ ሰው ነው ቀላል። ተንከባካቢ ሰው ይገድለዋል። እኔ ከማውቃቸው የሞቱ እሬቶች አብዛኞቹ በውሃ ነው የሞቱት። ሥሩ እርጥበት ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ውሃ የጠገበ ቡናማ ይሆናል። ባለቤቱ «ጠውልጓል» ብሎ ይጨምርለታል። እዚያ ላይ ያበቃል።

ፖት መግዛት ግዴታ አይደለም። የቀለም ባልዲ፣ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ ትልቅ የወተት ቆርቆሮ ይሆናል፤ ታቹን በሚስማር አምስት ስድስት ቦታ መብሳት ግን ግዴታ ነው። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ለእሬት መቃብር ነው። አፈሩ ውሃ የማይዝ ይሁን። የአዲስ አበባ ጥቁር መረሬ ብቻውን ለዚህ አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኔ ግማሽ አፈር ከትንሽ ያረጀ ፍግ ጋር፣ ግማሽ ደግሞ ሬድ አሽ አደርጋለሁ። ሠፈራችሁ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ካለ ያ ቀዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ አይጠፋም፤ አንድ ፌስታል ብትለምኑ የሚከለክላችሁ የለም። ደቃቁን በወንፊት አስቀርታችሁ ሽንብራ የሚያክለውን ተጠቀሙ። ካልተገኘ ሻካራ አሸዋም ይበቃል።

ውሃ ከመስጠታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ትንሽ እንኳ ከረጠበ ተዉት። በበጋ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ከታች እስኪወጣ ድረስ በደንብ፣ ከዚያ እርሱት። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ በረንዳ ላይ ካለ ከጣሪያ ሥር አስገቡት፤ እኔ እነዚያን ሁለት ወራት ጠብታ አልሰጠውም። የቡና አተላም አታፍሱበት። ለሁሉም አበባ ጥሩ ነው የሚል እምነት አለ፤ እሬት ላይ አፈሩን እርጥብ አድርጎ ትንኝ ከመጥራት ያለፈ ጥቅም አላየሁበትም።

ብርሃን ይወዳል፤ መስኮት ዳር ይኑር። ግን ቤት ውስጥ የኖረውን አንስታችሁ በቀጥታ የቀትር ፀሐይ ላይ አታውጡት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ትጠብሳለች፤ ቅጠሉ በቀናት ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አለማምዱት። ቅጠሉ ረዝሞ ከተዘረጋና ከወደቀ ብርሃን አንሶታል፤ ከቀጠነና ወደ ውስጥ ከታጠፈ ጠምቶታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ላይ ብርዱ ሲጠና ወደ ቤት ይግባ፤ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይመቸውም።

ቤት ውስጥ ሲገባ ደግሞ «መኝታ ቤት አድርጊው፣ ሌሊት ኦክስጅን ይሰጣል» የሚል ምክር ይመጣል። ይህን ብዙ ሰው ልኮልኛል። የተሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ያስደስታል። አብዛኛው ተክል ቅጠሉ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ቀን ይከፍታል። እሬት የደረቅ አገር ተክል ስለሆነ ቀን ከከፈተ ውሃው ይተንበታል፤ ስለዚህ ሌሊት ይከፍትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስገብቶ እንደ አሲድ ያስቀምጠዋል። ጠዋት በሩን ዘግቶ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። ኦክስጅን የሚመረተውም ያኔ፣ ቀን ነው፤ ያለ ብርሃን አይሆንም። አየር ያጸዳል የሚለው ወሬ ደግሞ ከናሳ የ1989 ሙከራ የመጣ ነው። ሙከራው የተደረገው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ነገሩን ያሰሉ ተመራማሪዎች፣ አንድ ቤት በተፈጥሮ ከሚያገኘው የአየር ዝውውር ጋር ለመወዳደር በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል ብለዋል። መስኮት ክፈቱ።

ቅጠል ስትቆርጡ ከታች፣ ከዳር ያለውን፣ ወፍራሙን ውሰዱ፤ መሀሉን አትንኩ፣ የሚያድገው ከዚያ ነው። ተክሉ ቢያንስ አሥር ያህል ደህና ቅጠል ከሌለው ገና ነው፣ ጠብቁት። የቆረጣችሁትን ቅጠል የተቆረጠው ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ብርጭቆ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አቁሙት። ብርጭቆው ሥር የሚጠራቀመውን ቢጫ ድፉት። ከዚያ ቅጠሉን እጠቡ፣ የሁለቱን ጎን ጥርሶች ቁረጡ፣ ልጣጩን ዓሣ እንደሚገፈፍ በቢላ ግፈፉ፤ የወጣውን ጄል እንደገና በውሃ አለቅልቁት። ቢጫ ጭረት የታየበትን ክፍል ጣሉ። ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ሽታው ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ይደፋ። መብራት የሚጠፋበት ሠፈር ከሆናችሁ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ቁረጡ፤ የቀረው ተክሉ ላይ ይቀመጥ፣ እዚያ አይበላሽም።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች «የአገር ቤት እሬት ላኩልኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ከሽሮና ከበርበሬ መሀል ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። የዱር ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ የሚባለው፣ ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎችን በሙሉ በቁጥጥር ሥር አድርጓል፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። አሎ ቬራውም ቢሆን ሕያው ተክል ስለሆነ የየአገሩን የዕፅዋት ጤና ደንብ ማለፍ አለበት። ዋሽንግተንም ዱባይም ያለ ሰው እዚያው ከአበባ መሸጫ ቢገዛ ይቀለዋል። አገር ውስጥም ከዱር ነቅሎ ማምጣት አያስፈልግም፤ አንድ እሬት ያለው ሰው በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የሚያድለው ይተርፈዋል።

ልጆቹ ከእናትየዋ ሥር አጠገብ ይወጣሉ። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርሱና አራት አምስት ቅጠል ሲያወጡ አፈሩን ፈታ አድርጋችሁ የየራሳቸውን ሥር ይዘው እንዲወጡ ለዩአቸው። ወዲያው አትትከሉ፤ የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይቀመጡ። ከዚያ በደረቅ አፈር ይተከሉ፣ ለአንድ ሳምንት ያህልም ያለ ውሃ ይቆዩ። ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። ባለፈው ሚያዝያ አራት ልጆች ለአራት ሰዎች ሰጥቼ ለአራቱም «ሳምንት ውሃ እንዳታጠጡ» ብዬ ነበር። ሁለቱ ሰምተውኛል። አንዷ በማግስቱ አጠጥታ በስብሶባታል፣ ሌላ ሰጥቻታለሁ። አራተኛው ውሃ ማጠጣቱን ጨርሶ ረስቶት ሁለት ወር ሥራ ቦታው ላይ አስቀምጦት ነበር፤ የእሱ ነው ከሁሉም የወፈረው።